የተከሳሹ ቦታ

መምህሩ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ፊት ቆመና እንደ ወትሮው እጆቹን አጣምሮ ጎንበስ አለ። ላይደን ከተማ ውስጥ ለቅኝ ግዛት ሹመት የሚሰለጥኑ የሆላንድ ወጣቶች ቻይንኛ የሚለማመዱት እንዲህ ነበር፤ ተማሪው ዳኛ፣ ቻይናዊው መምህር ተከሳሽ ይሆናሉ። ተማሪው ዮስት በማግስቱ፣ ቻይናውያን የትምባሆ እርሻ ሠራተኞች ወደሚዳኙበት የሆላንድ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ሱማትራ ደሴት ሊሳፈር ነው። ፕሮፌሰሩ ጥግ ይዘው ፒፓቸውን ያጨሱ ነበር።

«ከትምባሆ እርሻው ለምን ጠፋህ?» አለ ዮስት በቻይንኛ።

መምህሩ «አሞኝ ነው፣ ጌታዬ» ማለት ነበረበት። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጌታዬ፣ ወንድሜ እዚያ እርሻ ላይ ነው። ታን ኪያት ይባላል፤ ግራ ጆሮው ቆራጣ ነው። ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። በእናትዎ ይፈልጉልኝ!» ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

ዮስት ትንሽ ግራ ተጋባ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና መምህሩ ራሱ ያስጠናውን ቃል ተናገረ። «ዝም በል! የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ!»

«የምሬን ነው፣ ጌታዬ።»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው!»

ይሄኛውን ማንም አላስጠናውም። ፕሮፌሰሩ አጨበጨቡና መምህሩን በቤተሰብ ስሙ ጠሩት። «ዛሬስ እውነት አስመሰልከው እኮ፣ ታን! አንተ ቲያትር ቤት ነበር የሚያዋጣህ!»

ዮስት ፊቱ በደስታ በርቶ ሮጦ መጣና መምህሩን ደግፎ አነሳው። «መምህር፣ ያበላሸሁት ነገር አለ?»

«ምንም አልተሳሳቱም» አለ መምህሩ። የተጣመሩት እጆቹ ግን አንላቀቅ አሉት።