የአውድማው ተቀያሪ

«ጫማህን! ኧረ ጫማህን አውልቅ!» ሲል ጮኸ ባለ አውድማው።

ጥበብ አንድ እግሩን አውድማው ላይ እንዳሳረፈ ደርቆ ቀረ። ገብስ በሚወቃበት መሬት ላይ በጫማ እንደማይገባ ዳባት ተወልዶ ያደገ ሰው ሊያውቅ ይገባው ነበር። ቡዳፔስት ሰባት ዓመት ሲማር ስለ ጡንቻና ስለ ልብ ምት ብዙ ጽፏል፤ ይህን ግን ረስቶታል። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ሲፈታ ጆሮው ጋለ።

ጋሽ ፀጋው የራሳቸውን ጫማ ዳር ላይ አስቀምጠው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ «ይበርክት!» እያሉ ገብተዋል። ደባርቅ ባለችው ትንሽ ኮሌጅ ሠላሳ አንድ ዓመት አሠልጥነዋል። አርብ ጡረታ ይወጣሉ፤ ቦታቸውን የሚረከበው ጥበብ ነው።

«አሜን። ምን እግር ጣላችሁ?» አለ ባለ አውድማው ያርጋል፣ ምን እንደጣላቸው ልቡ እያወቀ።

የመጡት አጠገቡ መንሽ ይዞ ገብስ ለሚያዘራው ልጁ ለሸጋው ነው። ከኮሌጁ ተማሪዎች እንደሱ የሚሮጥ የለም። የክልሉ ውድድር የአምስት ሺህ ሜትር ማጣሪያ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ደባርቅ ሜዳ ላይ ነው፤ ያልሮጠ አይመዘገብም። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል። ታች አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«ደብዳቤ ይዘናል» አለ ጥበብ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እየዘረጋ። «ከዲኑ ነው።»

ያርጋል ወረቀቱን አየው እንጂ አልተቀበለውም። «ደብዳቤው መንሽ ይይዛል?»

ሸጋው ሳቁን በክንዱ ሸሸገ።

«ይሄን ነፋስ ሦስት ቀን ለምነነው ዛሬ ገና ነው የመጣ» አለ ያርጋል፣ ወደ ጋሽ ፀጋው ዞሮ። «ወንድሜን ለእጅ ኳስ ወሰዱ፤ ዝም አልሁ። ስጦታን ለመረብ ኳስ ወሰዱ፤ የበኩር ልጄን፣ ዝም አልሁ። አሁን ደግሞ ይሄን ለሩጫ። ኧረ እሰዎ ሰውዬ፣ ከቤቴ ለየትኛው ጨዋታ ነው ሰው ያልወሰዱ?»

«ለጠረጴዛ ቴኒስ» አሉ ጋሽ ፀጋው። «ለሱም ሚስትህን ጠይቄያት እምቢ አለችኝ።»

ያርጋል ሊስቅ ሲል ሳቁን ዋጠ። ጋሽ ፀጋው ከዚያ ወዲያ አልለመኑም። ሄደው መንሹን ከሸጋው እጅ ወሰዱና ገብሱን ወደ ላይ ወረወሩ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ጥበብ ስለዚህ አሠራራቸው ሰምቷል፤ አፍሮበታልም። አሠልጣኝ ዕቅድ የሚያወጣ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ነው እንጂ ተጫዋች ለማስፈቀድ በሰው አውድማ ላይ የሚውል ነው እንዴ? ብሎ ዲኑን እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር። እዚህ አገር ስለመቆየቱም ገና ከራሱ ጋር አልተስማማም። አሁን ግን ሸጋው መንሹን ከሽማግሌው ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ አየ። ልጁ መንሹን መልሶ ከያዘ ሩጫው አለቀ።

ጥበብ ቀድሞ ያዘው።

«እርስዎ ልጁን ይዘው ይሂዱ» አለ። የሩጫ ሰዓቱን ከአንገቱ አውልቆ በጋሽ ፀጋው አንገት ላይ አጠለቀላቸው። «እኔ እዚሁ እውላለሁ።»

«ማጣሪያውን የምትመራው አንተ አልነበርህም እንዴ?»

«አርብ ገና አልደረሰም።»

ሸጋው አባቱን አየ። ያርጋል አገጩን ወደ መንገዱ አነሣ። ልጁ ቁልቁለቱን እየዘለለ ወረደ። ጋሽ ፀጋው «ቀስ በል! እግርህን ለሜዳው አቆይልኝ!» እያሉ ከኋላው ተከተሉት።

ጥበብ ገብሱን ወረወረ። ገለባው ተመልሶ ፊቱ ላይ ተደፋ።

«ነፋሱን ከጎንህ አድርገው» አለ ያርጋል። «ክንድህን ተወው፣ ከወገብህ አንሣ። ደግሞ አትቸኩል።»

ጥበብ ከወገቡ አነሣ፤ ገለባው ወደ ጎን ሄደ።

«እኔንም ወስደውኝ ነበር» አለ ያርጋል በድንገት። «ኮሌጅ ገብቼ በረኛ ነበርሁ። አንድ ጨዋታ ተጫወትሁላቸው። ለሁለተኛው ሊወስዱኝ ሲመጡ ከአባቴ ጋር እዚሁ አውድማ ላይ ነበርን። ያኔ ገና ጎረምሳ ናቸው፤ እንዳንተ ደብዳቤ ይዘው፣ እዚያ ዳር ቆመው ለመኑ። አባቴ ‹እሱን ብሰጥህ ማን ያዘራልኛል?› አላቸው። ደብዳቤያቸውን አጥፈው ወረዱ። ወደ ኮሌጁም አልተመለስሁ። መንሽ መያዝ የተማሩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

ታች ባጃጁ ተነሣ። ከኩርባው ኋላ እስኪሰወር ድረስ ያርጋል የእህል ማንሻ ላይዳውን ተደግፎ አየው።

«እርስዎስ፣ ጥሩ በረኛ ነበሩ?» ሲል ጠየቀው ጥበብ።

ያርጋል ላይዳውን ገብስ ሞልቶ ነፋሱን ጠበቀ።

«አንድ ብቻ ነው የገባብኝ» አለና ገብሱን ወደ ላይ በተነው።