ላፕቶፑ ሳይሸጥ

ላፕቶፑን ሊገዛ የመጣው ሰው ኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ውስጥ የተቀመጠውን ወጣት ላብ አጥምቆታል።

«እህቴ፣ ፋይል በነጻ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ ታውቂያለሽ? የሞከርኳቸው ሁሉ ክፈል ይሉኛል» አላት የቤቱን ባለቤት ዘቢደርን።

ዘቢደር አንድ ነጻ ገጽ ላይ አካውንት ከፈተችለትና ፋይሎቹን መጫን ጀመረች። በትክክል መግባታቸውን ለማየት አንዱን ስትከፍተው የአንድ አዛውንት ድምፅ ተሰማ። እየሳሉ፣ በየመሃሉ እያረፉ ልጃቸውን ይመርቃሉ።

«አባትህ ናቸው?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «የቀብራቸው ፎቶም እዚያው አለ። ይሄ ከጠፋ ድምፃቸው የትም የለም።»

ገዢው በበሩ ብቅ አለ። «ወንድሜ፣ የማትሸጠው ከሆነ ልሂድ።»

«በእናትህ፣ ትንሽ ታገሠኝ» ሲል ወጣቱ ለመነው።

ኔትዎርኩ ሁለቴ ተቋረጠ፤ ሁለቴም እንደ አዲስ ጀመሩ። የመጨረሻው ፋይል ሲገባ ወጣቱ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ሊንኩን ለማን ልላክልህ?» አለችው ዘቢደር።

ከላፕቶፑ ላይ የአንዲት ሴት ኢሜይል አነበበላት።

«እህትህ ናት?»

«አላውቃትም» አለ። «ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ሲጥላት ነው ቦርሳዋን ይዤ የወረድኩት።»