አረንጓዴው መብራት

ዛሬም ቀዩ መብራት በራብኝ። ዘበኛው ጋሽ ደምመላሽ ማተቤን በመቀስ ቆርጠው ሳጥን ውስጥ ጣሉት። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ የትምህርት ቤታችን በር ልብ ያነባል፤ የእምነት ምልክት አድርጎ የሚገባው ከልቡ የሚያምን ብቻ ነው።

ከኋላዬ ያለችው የክፍሌ ልጅ ጃስሊን በአረንጓዴ አለፈች። እሷ ሲክ ናት፤ ፀጉሯ ተቆርጦ አያውቅም፣ እጇ ላይም የሃይማኖቷን የብረት አምባር ታደርጋለች። መብራቱን ቀና ብላ እንኳ አታየውም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«በሩ ጋ ስትደርሺ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት።

«የሒሳብ ፈተናውን» አለችኝ።

አምባሩን ከነእጇ ብነጥቃት ደስ ባለኝ።

እናቴም ትቀናለች። ጠዋት ጠዋት ከጥቅሉ ክር ቆርጣ አዲስ ማተብ ስታስርልኝ፣ «የሰው ልጅ በአረንጓዴ ይገባል፤ ያንቺን ልብ ምን ነክቶት ነው?» ትለኛለች።

አርብ ለወላጆች ስብሰባ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ ገባች። ቀይ በራ።

«እትዬ፣ ይቅርታ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ፣ መቀሱን እንደያዙ። እናቴ አንገቷን ዝቅ አደረገችላቸው። የጃስሊን እናት ከኋላዋ በአረንጓዴ አለፈች። እናቴ በዓይኗ ሸኘቻት።

ሰኞ ጠዋት የእኔን አስራ ስትጨርስ የተረፈውን ክር አቀበለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ለእኔም እሰሪልኝ» አለች።

ማተቡ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ያልነካው ቀጭን መስመር ሆኖ ቀርቷል። ክሩን በዚያው መስመር ላይ አስተካክዬ ቋጠርኩላት።

በሩ ጋ ስደርስ የሚታየኝ ያ መስመር ብቻ ነበር። መቀሱ ትዝ ያለኝ ክፍል ገብቼ አንገቴን ስዳስስ ነው። ክሩ አለ።