ለአንድ ሰው የተሠራች ሳይክል

በሳይክል ከጉዱማሌ ወደ ታቦር ሰፈር ስታጠፍ ጋሽ በቀለን ከፊቴ አያቸዋለሁ። ከጸሎት ቤት መውጣታቸው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ዛሬስ ባላገኘኋቸው እላለሁ በሆዴ።

ሳይክሏን የሠራኋት እኔ ነኝ። በየቀኑ ለባጃጅ መክፈል ለከበደው ሰው ትሁን፣ ርካሽ ትሁን ብዬ ቀጭን ቱቦ ቆርጬ በየድኳት። ከዚህች በፊት የሠራኋቸው ሁለቱ ተሰብረዋል። "ይቺም ከተሰበረች ወደ በርና መስኮትህ ትመለሳለህ" ብላኛለች ባለቤቴ ካሰች። እሺ ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል።

ግን ሽማግሌ በእግሩ እየሄደ በሳይክል ጥሎት ማለፍ ነውር ነው። ያውም አጥር ለአጥር ሆነው ያሳደጉኝን ሰው። እወርዳለሁ።

"ጋሽ በቀለ፣ ይምጡ ላድርስዎት" እላለሁ፣ እምቢ እንዲሉኝ እየጸለይኩ።

"ተባረክ ልጄ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነበር" ብለው ከኋላዬ ይቀመጣሉ።

ከባድ ሰው ናቸው። ጥቂት እንደሄድን ከሥሬ ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ። ይውረዱ ማለት ነበረብኝ፤ ድፍረቱን ከየት ላምጣው? ዳገቱን ስንጀምር ቱቦው ከመቀመጫው ሥር ቀጭ ብሎ ለሁለት ይሆናል፤ በእግራችን መሬት ላይ ቆመን እንቀራለን።

ማናችንም አልተጎዳንም። እኔ ግን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ እላለሁ። ለመናደድም አቅም ያስፈልጋል።

"እኔ ነኝ የሰበርኩብህ" ይላሉ።

"አይደለም። ለአንድ ሰው ነበር የሠራኋት።"

ጋሽ በቀለ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። "ምን ማለትህ ነው ኢዮስያስ? ሳይክል ያለው ሰው ሚስቱን ይጭናል፣ ልጁን ይጭናል፣ እንደኔ ዓይነቱን ሽማግሌ ይጭናል። ብቻውን የሚሄድማ በእግሩ ይሂድ እንጂ፣ ምን አስቸኮለው?"

የመጀመሪያዋ የተሰበረችው ካሰችን ከገበያ ሳመጣ ነበር፤ ያኔ ብየዳውን ነው የረገምኩት። በሁለተኛዋም ሰው ጭኜ እንደዚያው።

"ተነስ፣ የፊቱን ያዝ" ብለው የኋላውን ግማሽ ያነሳሉ። ተዉ ብላቸው አይሰሙኝም።

ዳገቱን እያለከለክን እንወጣለን። ቃል ቃል ነው፣ ነገ በር እበይዳለሁ። የሥራ ልብስ ከለበስኩ ወዲህ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ዳገቱን ልንጨርስ ስንል ግን አፌ አላስቀምጥ ይለኛል።

"ጋሽ በቀለ" እላለሁ፣ "አይቀየሙኝና፣ ኪሎዎ ስንት ነው?"