ሁሉም ሴንሰር ሞቷል

«ጋሼ፣ ይህችን መኪና ሲያይልዎት የኖረው መካኒክ ነው ወይስ አናጢ?» አለ መካኒኩ ባለመኪናውን ሽማግሌ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን የቴስተሩን ሽቦዎች አንገቱ ላይ ጠምጥሞ።

የሙቀቱን ሴንሰር ፈትቶ ለካው። ቴስተሩ ምንም አላነበበም። «ሞቷል!» የሞተሩን ዘንግ የክራንኩን ሴንሰርም ለካ። «ይሄማ ተዝካሩም ወጥቷል!» ሌባ አጥቦ እንደ አዲስ እንዳይሸጣቸው ብሎ ሁለቱንም በመዶሻ አደቀቃቸው።

ሽማግሌው አዲስ የሙቀት ሴንሰር ገዝተው መጡ። መካኒኩ ከካርቶኑ አውጥቶ ለካው። «ይሄም ሞቷል! ዓይንዎ እያየ ሸወዱዎት!» ሄደው ሌላ አመጡ። እሱም ሞቷል።

ያኔ መካኒኩ ጀርባውን ሰጥቶ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካካቸው። ቴስተሩ ደህና ቢሆን ጢጥ ማለት ነበረበት፤ ጭጭ አለ።

የደቀቁትን ሴንሰሮች አየ። ሽማግሌውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይህች መኪናዎ ቴስተሬን ገደለችብኝ!»