ስንት ቀን ይቆያል

ሴንት አልባንስ ውስጥ የገቡበት ሦስተኛው አበባ ቤት ነበር። እናትየው ከአረጋውያን መንከባከቢያው ሺፍቷን ጨርሳ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ነው የመጣችው። ጥግ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ልጇ ለሠርጓ ጽጌረዳውንም ኦርኪዱንም ብታሳያት መልሷ አንድ ነበር፤ «እንደወደድሽ።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ለመቆጣትም ጉልበት አልነበራት። የእናቷ ታላቅ ወንድም ጋሼ አምሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ ከሞቱ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ይህን የነገሩት ለእሷ ብቻ ነው፤ ለእናቷ መርዶው የሚነገራት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው ብለዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቷን ቀና ብላ ማየት ከብዷታል። ደግነቱ እናቷ ወንድሟ ለምን ስልክ እንደማያነሱ አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።

ባለሱቋ ነጭ ሊሊ ይዛ መጣች። እናትየው አንዱን ዘንግ ተቀበለቻትና ገና ያልፈነዳውን እንቡጥ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«ይሄ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቂልኝ።»

ልጅቷ ጠየቀችላት። «ውሃው ከተቀየረለት ሳምንት ይቆያል አለች።»

«እንግዲያው ይሄ ይሁን» አለች እናትየው፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈለገች። «ሽማግሌዎቹ ሊያረዱኝ ሲመጡ ከጋሼ ፎቶ አጠገብ እናደርገዋለን።»