ኮላ ያልነካው በርጩማ

መሮውን እንደ ማህተም ነው የምትመታው። አንዴ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ጠንከር አድርጋ። እንጨቱ ግን ወረቀት አይደለም፤ በጎኑ ስንጥቅ ይላል።

«ቀስ በይ፣ ማህተም» እላታለሁ ከተቀመጥኩበት የሰጋቱራ ጆንያ ላይ። «ቀለሙ ገና አልደረቀም።»

«እትዬ፣ እርስዎ ወንበርዎን ሊያሠሩ ነው የመጡት ወይስ እኔን ሊያሳቅቁ?»

«ሁለቱንም።»

ትስቃለች። አባቷ፣ ጋሼ አናጢው፣ አይስቁም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እጇን ብቻ ያያሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ለማቃናት እንኳ ጊዜ የላቸውም።

እንደ ልጅ እቀልድባታለሁ እንጂ ትልቅ ሰው ናት፤ ጸጉሯ ላይ ነጭ ጣል ጣል ማለት ጀምሯል። ቢሮ ተቀምጣ ማህተም ስትመታ ኖረች፣ ቢሮው ሰው ቀነሰ፣ ሻንጣዋን ይዛ ካባቷ ቤት ገባች። ከእንግዲህ የእጅ ሙያ ይዤ ነው የምኖረው አለች። የማቀዝቀዣ ጥገና የሚያስተምር ቦታ ተቀብሏታል፤ ግን ሩቅ ከተማ ነው፣ እዚያው መኖር አለባት። መልሷን የሚጠብቁት ዛሬ ነው። ሌላው ምርጫ ይኸው እዚህ ነው፤ ያባቷ ወርክሾፕ፣ ያባቷ መሮ።

«አባዬ፣ አንተው ምረጥልኝ» አለቻቸው።

«በርጩማ ሥሪና እናያለን» አሏት።

በዚህ ቤት ፈተናው የታወቀ ነው። ኮላ ሳይነካው፣ ምስማር ሳይመታበት፣ በርጩማውን ባንድ እግሩ አንስቶ መነቅነቅ። የቀሩት እግሮች ከቀዳዳቸው ካልወጡ አናጢ ነህ። ከወጡ የኮላ ነጋዴ ነህ። ጋሼ ይህን በተናገሩ ቁጥር ሚስታቸው እንዳዲስ ትስቅ ነበር። እሷ ከሞተች ጀምሮ ከግድግዳዬ ወዲያ የምሰማው ሬዲዮ ብቻ ሆነ። ልጅቱ ከመጣች ወዲህ ግን ሬዲዮው ተዘግቶ ሁለት ሰው ሲከራከር እሰማለሁ። በጨው ሳይቀር ይከራከራሉ።

የመጨረሻውን እግር በመዶሻ ከተተችው። ላላ ብሏል፤ ለእኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

«ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ» ትልና ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ትወጣለች።

ጋሼ ያኔ ጎንበስ ይላሉ። ከወለሉ ላይ ቀጭን ስንጥር መርጠው ያነሳሉ፣ በምራቃቸው ያረጥቡታል፣ እግሩና ቀዳዳው መሀል ሽጉጥ ያደርጉታል። ባውራ ጣታቸው እስኪጠፋ ይገፉታል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን።

ምላሴ ለቀልድ ሰንፎ አያውቅም። አሁን ግን ዞር ብዬ ወንበሬን አያለሁ።

ፊቷ እንደረጠበ ትመለሳለች። በርጩማውን ባንድ እግሩ ታነሳዋለች። ትነቀንቃለች። ደግማ ትነቀንቃለች። አንዱም አይወጣም።

«አባዬ! ያዘ!» እንዲህ ስትጮህ የሰማኋት የልጅነት ጥርሷ ሲነቀል ነበር። «አዩ እትዬ? አሁንም ማህተም ይሉኛል?»

«አየሁ» እላለሁ።

«በቃ፣ ልደውልና ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት ልበላቸው።» እጇን ልብሷ ላይ ጠርጋ ስልኳን ታወጣለች።

ጋሼ መጋዙን ከተሰቀለበት ያወርዳሉ። ምንም ሳይሠሩበት መልሰው ይሰቅሉታል።

«ቆይ እስኪ።»

«ምነው?»

በርጩማውን ይቀበሏታል። ስንጥሩን በጥፍራቸው ፈልገው ይስቡታል። እግሩ ወለሉ ላይ ይወድቅና ተንከባሎ እኔ ጫማ ሥር ይቆማል።

ልጅቱ ስንጥሩን ታያለች። ከዚያ አባቷን።

«እኔ ነኝ» ይላሉ። «እጄ ቀደመኝ።»

«ለምን፣ አባዬ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉታል። ሸሚዙ ራሱ ሰጋቱራ ነው፤ የባሰ ያቆሽሹታል።

«እንጨት ላንቺ አይሆንም» ይላሉ በመጨረሻ። «ትጣደፊያለሽ። አልቆ ማየት ነው የምትፈልጊው። ያን ቀን የሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ግን ጆሮሽን ሞተሩ ላይ ለጥፈሽ ቆመሽ ቀረሽ። ምሳ ደረሰ ብዬ ስጠራሽ አልሰማሽም። አጠገብሽ መጥቼ ስጠራሽም አልሰማሽም።» መነጽሩን ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ። «እኔ እንጨት ስይዝ እንደዚያ ነኝ። እናትሽን ጠይቂያት...»

እዚያው ላይ ያቆማሉ።



«ደውይ። እመጣለሁ በያቸው።»

«አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? የዚች ሴትዮ ወንበር አለብኝ። እሷም ወንበሯም መቼ ያሳርፉኛል።»

መነጽሩን ከእጃቸው ወስዳ በቀሚሷ ገበር ታጸዳዋለች፤ ራሷ ታደርግላቸዋለች። ግንባራቸውን ስማ ትወጣለች። ወዲያው ከግቢው ድምፅዋ ይሰማል፦ አዎ፣ እኔ ነኝ፤ አዎ፣ እመጣለሁ።

ጋሼ መጥረጊያ ያነሳሉ። አንዱን ቦታ ደጋግመው ይጠርጋሉ።

«አንቺ» ይሉኛል ቀና ሳይሉ። «ፍሪጅሽ ደህና ነው?»

ፍሪጄ አዲስ ነው። በበር አልገባ ሲል መቃኑን ልገው ያስገቡልኝ ራሳቸው ናቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ደህና አለው» እላለሁ። «ሊነጋጋ ሲል ይጮሃል።»

«ይጮሃል?»

«ክፉኛ።»

መጥረጊያው ይቆማል።

«ለማንም እንዳታሳዪው» ይላሉ። «እስክትመጣ ይቆይ።»

«እሺ ጋሼ።»

መጥረጊያው እንደገና ይጀምራል፤ ያንኑ ቦታ፣ ምንም የሌለበትን።